የቢላል ኢብን ረባሕ ሕይወትና ለልጆቻችን የምንነግረው ታሪክ

በዚህ እትም የታሪክ ዓምድ የምናቀርበው የቢላል ኢብን ረባሕን ሕይወት ነው። ከአንባብያን መካከል ቢላልን ጨርሶ የማያውቅ ይኖራል ብለን አንገምትም። እስላሙ ከቁርአን ቤት፣ ክርስቲያኑም ከጎረቤቱ ስሙን እየሰማ ያደገ ነው። ነገር ግን ስሙ እየገነነ በሄደ መጠን ሰውየው ራሱ እየራቀን ሄዷል። የመጀመሪያው ሙአዚን፣ ድንጋይ የተጫነበት ባሪያ፣ ሐበሻው ቢላል ከሚሉት ሦስት ሐረጎች አልፎ ስለ ሕይወቱ ተናገር ቢባል ብዙው ሰው ዝም ይላል። ዝምታው ያለ ምክንያት የመጣ አይመስለንም። የቢላል ሕይወት ሳይሸራረፍ ከተነገረ የሚያፍረው ሰው ብዙ ነው፤ በምንማርበት አገር ብቻ ሳይሆን በተወለድንበትም አገር።

ጉዳዩን ወደዚህ ገጽ ያመጣው ሌላም ነገር አለ። ጥቂት የማኅበሩ አባላት ሆነን በጂዳና በመካ፣ በተለይም በሩሰይፋ ሰፈር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ልጆች በሳምንት አንድ ቀን የአገራቸውን ታሪክ ለማስተማር ሞክረናል። ከልጆቹ ብዙዎቹ እዚሁ የተወለዱ ናቸው፤ ዐረብኛቸው ከአማርኛቸው ይበልጣል። ስለ አክሱም ሐውልት ስንነግራቸው በትሕትና ያዳምጣሉ። ስለ ዐድዋ ስንነግራቸው ደስ ይላቸዋል። ከትምህርቱ በኋላ የሚጠይቁን ግን ሌላ ነው። መንገድ ላይ አብድ፣ ማለትም ባሪያ፣ ተብሎ የተጠራ ልጅ ምን ብሎ መመለስ እንዳለበት ይጠይቁናል። አንዲት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ደግሞ ይህንኑ ቃል በአማርኛ በገዛ ዘመዶቿ አፍ፣ ስለ ሌላ ኢትዮጵያዊ ሲነገር መስማቷን ነገረችንና ልዩነቱን እንድናስረዳት ጠየቀች። ሐውልቱም ድሉም ለዚህ ጥያቄ መልስ አልሆነንም። ቢላልን ያነሣነው ያን ጊዜ ነው።

እኛ የሕክምና ተማሪዎች ነን እንጂ የታሪክ ሊቃውንት አይደለንም። ይሁንና በ1911 ዓ.ም. ገና በጎልማሳነቱ ያረፈው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም በርሊን ሄዶ ሕክምና የተማረ ሰው ነበር። አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ በተባለው ጽሑፉ ታሪክ ጸሐፊ የሚያስተውል አእምሮ፣ የማያደላ ፍርድና የጠራ ቋንቋ እንደሚያስፈልገው አስገንዝቧል። ከሦስቱ የሚከብደው ሁለተኛው ነው፤ ነገሩ ስለ ራስ ወገን ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

ቢላል የተወለደው እ.ኤ.አ. በ580 አካባቢ እንደሆነ ይገመታል። ገሚሱ ጸሐፊ የትውልድ ቦታው መካ ነው ይላል፤ ገሚሱ ከመካ በስተደቡብ የተዘረጋውን የሰራት ተራራማ አገር ይጠቅሳል። አባቱ ረባሕ፣ እናቱ ሐማማ ይባላሉ። ጌቶቻቸው በኑ ጁመሕ የተባለው የቁረይሽ ጎሣ ሰዎች ነበሩ። የዐረብ ታሪክ ጸሐፊዎች ቢላልን ሙወለድ ይሉታል፤ ከባዕድ ወላጅ በዐረብ መካከል የተወለደ ማለት ነው። ቃሉ ለአማርኛ ተናጋሪ ባዳ አይደለም። በእኛም አገር ከባሪያ የተወለደውን ውላጅ፣ ከዚያም ፈናጅ፣ ቅናጅ እያሉ የባርነትን ደም በትውልድ የሚቆጥሩበት ልማድ ነበር። ስለዚህ ቢላል የተወለደበትን ሥርዓት ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ አያቶቻችን የሚያውቁት ሥርዓት ነው።

በዚያ ዘመን ሐበሻ በመካ ብርቅ አልነበረም። አፄ ካሌብ እ.ኤ.አ. በ525 ግድም በየመን ላይ ዘምቶ ድል አድርጓል። ከዚያም አብርሃ የሚባለው የአክሱም ጦር ሰው የመንን ለብዙ ዓመታት ገዝቷል። በልማድ 570 በሚባለው የዝሆን ዓመትም በመካ ላይ ዘምቶ ሳይሆንለት እንደተመለሰ ይተረካል። ነጋዴው፣ ወታደሩና ምርኮኛው በቀይ ባሕር ላይ ይመላለስ ነበር። እንግዲህ የመካ ሰው ሐበሻን በሁለት ዓይን ያይ ነበር ማለት ነው፤ ባንድ በኩል ትናንት በዝሆን የመጣበት ኃያል ጎረቤት፣ በሌላ በኩል ቤቱ ውስጥ ግመል የሚጠብቅለትና ውሃ የሚቀዳለት ባሪያ።

እዚህ ላይ ስለ ሐማማ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንፈልግም። ሐማማ በዝሆኑ ዘመቻ የተማረከች የአክሱም ልዕልት ነበረች የሚል ወሬ በወገኖቻችን መካከል እየተስፋፋ ነው። የቀደሙት የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች፣ ኢብን ኢስሐቅም ሆነ ኢብን ሰዕድ፣ ይህን አያውቁም። ስሟን ይነግሩናል፤ የማን ባሪያ እንደነበረች ይነግሩናል፤ ከዚያ በላይ የሚሉት የለም። ልዕልት ያደረግናት እኛ ነን። ለምን? ልጁን ለማክበር እናቱ የንጉሥ ዘር መሆን አለባት ብለን ስላሰብን ነው። የመካ ሹማምንት ቢላልን የናቁት በአጥንቱ ነበር፤ እኛ ደግሞ ልናከብረው ስንነሣ የምንፈልግለት አጥንት ነው። ሚዛኑ አንድ ነው። ለልጆቹ ይህን ስንነግራቸው አንዳንዶቹ ቅር አላቸው፤ ቢሆንም ሐማማን ባለችበት ትተናታል፤ ስሟ በታሪክ የቀረ ባሪያ ሴት።

የቢላል ጌታ ኡመያ ኢብን ኸለፍ ይባላል፤ ከበኑ ጁመሕ አለቆች አንዱና ባለጸጋ ነበር። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) እ.ኤ.አ. በ610 ግድም ማስተማር ሲጀምሩ ቀድመው ከተቀበሏቸው ሰዎች መካከል ቢላል ይገኛል። ለኡመያ ይህ የሃይማኖት ክርክር ብቻ አልነበረም። የባሪያ አሳዳሪው ሥርዓት የቆመው ባሪያ ከጌታው የተለየ የራሱ ሐሳብ የለውም በሚል እምነት ላይ ነው። ጉልበቱ ተገዝቷል፣ ልጁ ተገዝቷል፤ ልቡ ግን አልተገዛም ሲባል ሒሳቡ በሙሉ ይፋለሳል። ስለዚህ ኡመያ ቢላልን እኩለ ቀን ላይ ወደ መካ ሸለቆ ሜዳ እያወጣ፣ በጋለው አሸዋ ላይ በጀርባው እያስተኛ፣ ደረቱ ላይ ትልቅ ድንጋይ እንዲጫንበት ያደርግ ነበር። ያ ሜዳ ዛሬ በሕንፃና በመንገድ ተሸፍኗል።

ይህ ቅጣት በሰውነት ላይ ምን እንደሚያደርግ የሕክምና ተማሪ ሁሉ ሊያስረዳ ይችላል። ሳንባ አየር የሚስበው የጎድን አጥንት ሲነሣ ነው፤ በድንጋይ የተጫነ ደረት እንደ ልቡ አይነሣም። ሰውነት ሙቀቱን የሚያወጣው በላብና በነፋስ ነው፤ የጋለ መሬት ላይ የተጣበቀ ጀርባ ግን ሙቀት ይቀበላል እንጂ አያወጣም። የውስጥ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ አእምሮ መሳት ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2024 በሐጅ ወቅት በመካ የሙቀቱ መጠን ከ50 ዲግሪ በላይ በደረሰበት ሳምንት ከ1,300 በላይ ሰዎች መሞታቸው ተገልጿል፤ እነዚህ ድንጋይ የተጫነባቸው ሳይሆኑ በእግራቸው የሚሄዱ ሰዎች ናቸው። ቢላል በዚያ ሰዓት የሚደጋግመው አንድ ቃል አሐድ ነበር ይባላል። አንድ፣ አንዱ ፈጣሪ ማለት ነው። አሐዱ ብሎ መቁጠር የጀመረ የቆሎ ተማሪ ትርጉሙ ሳይነገረው ያውቀዋል። የቢላል እናት ቋንቋ ምን እንደነበር አናነሣም፤ ቃሉ ግን ከባሕሩ ወዲህም ወዲያም አንድ መሆኑን ልጆቹ ሲሰሙ በጣም ገረማቸው።

ከዚህ ስቃይ ያወጣው አቡበክር ነው። ይህን ሁሉም መምህር ያስተምራል። እንዴት እንዳወጣው ግን ትረካው ይለያያል። በአንዳንዱ መጽሐፍ በወርቅና በብር ገዛው ይባላል። ኢብን ኢስሐቅ በጻፈው ግን ነገሩ ልውውጥ ነበር። አቡበክር ከቢላል የበለጠ ጉልበት ያለው፣ በኡመያ ሃይማኖት የሚኖር ሌላ ጥቁር ባሪያ ነበረው፤ እሱን ሰጥቶ ቢላልን ወሰደና ነፃ አወጣው። በመካ ሳለ በዚህ ዓይነት ነፃ ያወጣቸው ሰዎች ከቢላል ጋር ሰባት እንደሆኑ ይኸው ጸሐፊ ይቆጥራል፤ አሚር ኢብን ፉሃይራና ዚንኒራ የተባለችው ሴት ከእነሱ መካከል ናቸው።

ይህን ስንተርክ ከልጆቹ አንዱ ያ ሌላው ሰውዬስ የት ሄደ ብሎ ጠየቀ። ለዚህ ጥያቄ አልተዘጋጀንም ነበር፤ ነገር ግን በክፍላችን ከተጠየቁት ሁሉ የሚበልጠው ይህ ይመስለናል። ስሙ አልተጻፈም። ከኡመያ ቤት ገባ፣ ታሪኩም እዚያው ቀረ። አቡበክርን የምንወቅስበት ምክንያት የለንም፤ በዘመኑ ከነበሩት ባለጸጎች መካከል ለባሪያ ነፃነት ሀብቱን ያፈሰሰ እንደ እሱ ያለ ጥቂት ነው። ዳሩ ግን አንዱ ሲወጣ ሌላው የሚገባበት በር እስካልተዘጋ ድረስ ሥርዓቱ እንዳለ ይቆያል። በሩም ብዙ ዘመን አልተዘጋም። ከኢትዮጵያ የተነጠቁ ሰዎች በታጁራና በምጽዋ በኩል ወደ የመንና ወደ ሂጃዝ ሲሸጡ ኖረዋል። ሻጩም፣ ነጂውም፣ አስታጣቂውም ብዙ ጊዜ የእኛው ሰው ነበር፤ እስላምም ክርስቲያንም ነበረበት። በአገራችን ባሪያ እንዲወጣ የሚያዘው ደንብ የወጣው በ1916 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሕጉ ጠብቆ ባርነትን ፈጽሞ የከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው። በሳውዲ ዓረቢያ ባርነት በመንግሥት ትእዛዝ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። እስከዚያ ድረስ የቢላል ስም በየመስጊዱ በክብር ይነሣ ነበር፤ በገበያውም ሰው ይሸጥ ነበር። ስሙ ያልታወቀው ሰው ብዙ ዘመዶች አሉት።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ615 የመካ እስላሞች መከራ ሲበዛባቸው ከፊሎቹ ባሕር ተሻግረው ወደ አክሱም ንጉሥ ሄዱ። በኋላም በጀዕፈር ኢብን አቡጧሊብ የሚመራ ትልቅ ቡድን ደረሰ። ንጉሡ ቁረይሽ የላኳቸውን መልእክተኞች ከነገጸ በረከታቸው መለሳቸው፤ ስደተኞቹንም አስጠለለ። ይህን ታሪክ እያንዳንዱ የኢትዮጵያ ተማሪ በክፍል ተምሮታል፤ እኛም እዚህ አገር ማንነታችንን የጠየቀን ሰው ሲኖር ቶሎ የምናወጣው መታወቂያችን ነው። ስደተኞቹ በስም ተዘርዝረዋል። ቢላል ከመካከላቸው የለም። ሐበሻው እዚያው መካ ቀርቶ ቁረይሾቹ ወደ ሐበሻ ሄዱ።

የነጃሺን ደግነት ስናስተምር አንድ ጥያቄ አብረን ማንሳት ይገባናል ብለን እናምናለን። እንግዳን መቀበል አንድ ነገር ነው፤ የአገር ልጅን እንደ አገር ልጅ ማየት ሌላ ነገር ነው። ከውጭ ለመጡት እስላሞች የተደረገውን ውለታ ስንተርክ የኖርን ሰዎች፣ አገር ቤት የተወለደውን እስላም በኢትዮጵያ የሚኖር እስላም ብለን ስንጠራው ኖረናል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጎዳናዎች መቶ ሺህ ያህል ሕዝብ ሰልፍ ሲወጣ፣ ከጥያቄዎቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ እስላም ተብሎ መጠራት ነበር፤ በዓላቱም እንደ አገር በዓላት እንዲከበሩ ተጠይቋል። ብዙ ክርስቲያኖችም ከሰልፈኞቹ ጋር አብረው ወጥተዋል። በዓላቱ በተከታዩ ዓመት ብሔራዊ በዓላት ሆኑ። በመጠሪያው ውስጥ የነበረችው የሚኖር የምትለው ትንሽ ቃል ከዜግነት ምን ያህል ታጎድል እንደነበር ለማወቅ፣ በሰው አገር በመኖሪያ ፈቃድ የሚኖር ሰው መሆን ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ከዚህ አገር ሲመለሱ ያየ ሰው ይህን አይስተውም።

እ.ኤ.አ. በ622 ስደቱ ወደ መዲና ሆነ፤ ቢላልም ከሄዱት መካከል ነበር። መዲና እንደ ደረሱ ነቢዩ ስደተኞቹን ከሌሎች ሰዎች ጋር በወንድማማችነት ሲያስተሳስሩ፣ እንደ ኢብን ኢስሐቅ አባባል ቢላል የኸስዐም ሰው ከሆነው ከአቡ ሩወይሐ ጋር ተጣመረ። ይህን ስም አንባቢ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ለጸሎት መጥሪያው አዛን እንዲሆን በተወሰነ ጊዜ ነቢዩ ቢላልን መረጡ። ምክንያቱም በግልጽ ተነግሯል፤ ድምፁ ከሌሎቹ ይልቅ ያማረና ሩቅ የሚሰማ ነበር። የቆዳው ቀለም ለምርጫው አልረዳውም፣ አልጎዳውምም። ከዚህም ሌላ የነቢዩን ቤት ወጪ የሚቆጣጠር እሱ ነበር። ኢብን ሰዕድ እንደጻፈው ነጃሺ ለነቢዩ ከላካቸው ሦስት አጫጭር ጦሮች አንዱን በበዓል ቀን ይዞ ከፊታቸው የሚሄደውም ቢላል ነበር።

ስለ ድምፁ ሲነሣ በየቦታው የሚነገር አንድ ወሬ አለ። ቢላል ሐበሻ ስለነበረ ሸ ማለት አቅቶት ሰ ይል ነበር፤ ፈጣሪ ግን የእሱን ሰ እንደ ሸ ይቀበልለት ነበር ይባላል። ተናጋሪዎቹ በቅን ልቦና ለትሕትና ማስተማሪያ ያደርጉታል። ነገር ግን በ14ኛው መቶ ዘመን የኖረው ታላቁ ሊቅ ኢብን ከሲር ይህ ወሬ መሠረት እንደሌለው ጽፏል፤ ቢላልም አንደበቱ የቀና ሰው እንደነበር መስክሯል። መቼም በመካከላቸው ተወልዶ ያደገ ሰው ያገሩን ፊደል መጥራት ያቅተዋል ማለት ከባድ ነው። ወሬው የሚነግረን ስለ ቢላል ሳይሆን ስለ አድማጮቹ ነው። ጥቁር ሰው ከፍ ካለ ቦታ ሲናገር የሰማ ጆሮ አንድ ጉድለት ማግኘት አለበት። ካላገኘ ይፈጥራል። ከዚያም ጉድለቱን በምሕረት ይሸፍንለታል። በክፍላችን ሁለት ልጆች ይህን ወሬ እንደ እውነተኛ ታሪክ ያውቁት ነበር። የኢብን ከሲርን ፍርድ በዐረብኛ አንብበን ስናሳያቸው አንደኛው ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም፤ መጽሐፉን ግን ተውሶ ሄደ።

የበድር ጦርነት እ.ኤ.አ. በ624 ሆነ። ኡመያ ከቁረይሽ ጋር ተሰልፎ መጥቶ ነበር። ድሉ ወደ እስላሞቹ ሲያጋድል ኡመያ ለጥንት ወዳጁ ለአብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ እጁን ሰጠ። ምርኮኛ ሆኖ ሲሄድ ቢላል አየውና ጮኾ ሰው ሰበሰበበት። አብዱረሕማን ሊከላከልለት ቢሞክርም አልቻለም፤ ኡመያና ልጁ ተገደሉ። ይህን ክፍል ለልጆች እንተርከው ወይስ እንዝለለው በሚለው እርስ በርሳችን ብዙ ተከራክረናል። ከመካከላችን አንዱ በቀልን ማስተማር ይሆናል አለ። እኛ ግን እንዲነገር ወስነናል። ስንተርከው ልጆቹ አጨበጨቡ። ጭብጨባው ሲያልቅ ኡመያ በዚያች ሰዓት ምርኮኛ እንደነበረ ደግመን ነገርናቸው፤ ክፍሉ ዝም አለ። ያን ዝምታ እኛም በንግግር ልንሞላው አልሞከርንም።

ስለ አቡዘርም መናገር ይገባል። አቡዘር አል-ጊፋሪ ለድሆች በመቆርቆር የታወቀ፣ ቀደምት ከሆኑት አንዱ ነው። አንድ ቀን ከአንድ ሰው ጋር ሲጣላ በእናቱ ሰደበው፤ በቡኻሪ መጽሐፍ የተሰዳቢው ስም አልተጠቀሰም፣ ሌሎች ትረካዎች ግን ቢላል ነው ይላሉ፤ ስድቡም የጥቁር ሴት ልጅ የሚል ነበር። ነገሩ ከነቢዩ ዘንድ ሲደርስ አቡዘር በውስጡ የድንቁርናው ዘመን ቅሪት ያለበት ሰው መሆኑ ተነገረው። እኛን የሚያስተምረን ስድቡ ከማን አፍ እንደወጣ ነው። ከኡመያ ቢሆን አይደንቅም ነበር። የወጣው ግን ስለ እኩልነት አብሮ ከቆመ ሰው ነው። በተማሪ ማኅበር ውስጥ የኖረ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል፤ ሌሊቱን ሙሉ ስለ ጭቁኖች ሲከራከር አድሮ ጠዋት የክፍል ጓደኛውን በብሔረሰቡ ወይም ባባቱ ሥራ፣ ቡዳ ነው፣ የጠይብ ልጅ ነው ብሎ የሚያማ አይጠፋም።

እ.ኤ.አ. በጥር 630 መካ ያለ ብዙ ደም ተያዘች። ነቢዩ ቢላልን ከካዕባ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አዛን እንዲል አዘዙት። ከዓመታት በፊት በዚያው ከተማ ሜዳ ላይ ድንጋይ የተጫነበት ሰው ከቅዱሱ ቤት አናት ላይ ቆመ፤ ጌቶቹ የነበሩት ከታች ሆነው ይሰሙ ነበር። ከቁረይሽ መኳንንት አንዱ አባቱ ይህን ሳያይ በመሞቱ አምላኩን አመሰገነ ይባላል። ሌላው ሙሐመድ ከዚህ ቁራ በቀር ሰው አጣ ወይ በሚል መንፈስ ተሳለቀ። ከተማይቱ እጅ ስትሰጥ የታገሡ ሰዎች ናቸው፤ ይህን ግን መታገሥ አቃታቸው። የሰው ልጅ በነገድና በጎሣ የተከፈለው እርስ በርሱ እንዲተዋወቅ መሆኑን የሚናገረውን የሑጁራት ምዕራፍ አንቀጽ፣ ከተርጓሚዎች አንዳንዶቹ ከዚህ ቀን ጋር ያያይዙታል።

ጣሪያ ላይ መውጣት ግን የሁሉም ነገር መጨረሻ አይደለም። የአድልዎ ትልቁ ፈተና ጋብቻ ነው። ሰው በሰልፍ ላይ እጅ ለእጅ ይያያዛል፤ ሽማግሌ ሲላክበት ግን አጥንት ይቆጥራል። የአቡ አል-ቡከይር ልጆች እኅታቸውን እንዲድሩላቸው ነቢዩን ሲጠይቁ፣ ነቢዩ ቢላልን እንዴት አላሰባችሁም ብለው መልሰው ጠየቋቸው። ሄደው ተመለሱ፤ መልሱ ያው ሆነ። በሦስተኛው ጊዜ እኅታቸውን ለቢላል ሰጡት። ሦስት ጊዜ መመላለሳቸውን ልብ ይሏል። ሌላ ጊዜም ቢላል ለራሱና ለወንድሙ ሚስት ሊጠይቅ ሄዶ ባሮች እንደነበሩና ነፃ እንደወጡ አስቀድሞ ተናግሯል፤ ከሰጣችሁን እናመሰግናለን፣ ከከለከላችሁንም ፈጣሪ ታላቅ ነው በሚል መንፈስ። ዘሩን አልደበቀም፣ አላሳመረውምም። ልዕልት እናት አላስፈለገችውም።

ነቢዩ እ.ኤ.አ. በ632 ሲያርፉ ቢላል አዛን ማለት አቃተው፤ ከስማቸው ሲደርስ እንባ ይቀድመው ነበር። ወደ ሻም ከሚዘምተው ጦር ጋር ለመሄድ ፈቃድ ጠየቀ። ኸሊፋ የሆነው አቡበክር ከእሱ እንዳይለይ ለመነው። ቢላል ያን ጊዜ የጠየቀው ከባድ ነበር፤ ነፃ ያወጣኸኝ ለራስህ ነው ወይስ ለፈጣሪ ሲል። አቡበክር ለፈጣሪ መሆኑን ተናግሮ አሰናበተው። በዚህች ቦታ ሁለቱም ሰዎች ትልቅ ናቸው። ነፃነት የሰጠ ሰው ምስጋና ይጠብቃል፣ ብዙ ጊዜም ምስጋናውን ወደ አዲስ ገመድ ይለውጠዋል። ቢላል ውለታውን አልካደም፤ ነገር ግን በውለታ አልታሰረም። አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን ስንብት በኡመር ዘመን ያደርጉታል።

በሻም ሳለ ኸሊፋ ኡመር እ.ኤ.አ. በ638 አካባቢ ወደ ጃቢያ በመጣ ጊዜ ሰዎች አማልደው ቢላል አንድ ጊዜ አዛን አለ። ነቢዩን የሚያውቁት ሁሉ አለቀሱ፤ ከሁሉ አብልጦ ያለቀሰው ኡመር ነበር ይባላል። ያን ጊዜ ቢላል ጠጉሩን ሽበት የወረሰው፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ትንሽ የጎበጠ ሰው ነበር። ሽበቱን ቀለም አይቀባውም ነበር።

ኡመር ዲዋን የሚባለውን መዝገብ ያቋቋመው በእነዚያ ዓመታት ነው። እያንዳንዱ ሰው በነገዱ ስም ተጽፎ ከግምጃ ቤቱ ድርሻ የሚቀበልበት መዝገብ ነበር፤ በዛሬ አነጋገር የዜግነት መዝገብ ብንለው ከእውነቱ አንርቅም። ነገድ የሌለው ሰው በማን ስር ይጻፍ? ኡመር ይህን ቢላልን ጠየቀው። ቢላል ነቢዩ ካጣመሩት ወንድሙ ከአቡ ሩወይሐ እንደማይለይ ተናገረና ከእሱ ጋር ተጻፈ። በእሱም ምክንያት በሻም የነበሩት ሐበሾች ሁሉ ከኸስዐም ጋር ተመዘገቡ። አንድ ሰው ስሙን ሲያስጽፍ የወገኖቹንም ስም ይዞ ገባ።

ቢላል እ.ኤ.አ. በ640 አካባቢ፣ ዕድሜው ከስድሳ አለፍ ሲል በደማስቆ አረፈ። ባብ አስ-ሰጊር ከሚባለው በር አጠገብ ባለው መካነ መቃብር እንደተቀበረ ብዙዎች ጽፈዋል፤ ሐለብ ነው የሚሉም አልታጡም። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ኢብን ኢስሐቅ መጽሐፉን ሲያዘጋጅ፣ በሻም መዝገብ ላይ የሐበሾች ስም አሁንም ከኸስዐም ጋር ተጽፎ ይገኝ ነበር።